ትንፋሼ ተመለሰ፤ መዝሙሩን እኔ አወጣለሁ

እልል! እልል! እልል!

ጽሑፍ በእልልታ እንደማይጀመር አውቃለሁ። ሰባተኛ ክፍል አማርኛ ያስተማሩን መምህር "መግቢያ፣ ሐተታ፣ መደምደሚያ" እያሉ ጠረጴዛ ይደበድቡ ነበር። ግን ምን ላድርግ፤ ትናንት ከሐኪም ቤት ስወጣ ደረጃውን እየዘለልኩ ነው የወረድኩት። ታች ስደርስ አላለከለክኩም። አላለከለክኩም! ለሌላ ሰው ይህ ምንም አይደለም። ለእኔ ግን መግቢያውም ሐተታውም እሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሽማግሌው ሐኪም ማዳመጫቸውን ጀርባዬ ላይ እያዘዋወሩ "ሳቢ... አውጪ... እንደገና ሳቢ" ሲሉኝ ቆዩ። ፊታቸውን እንዳላነብ ከኋላዬ ነበሩ። ከዚያ ዞረው መጡና ሳቅ ብለው፣ "ኸላስ፣ ጨርሰናል። ሳንባሽ ንጹሕ ነው። ከዛሬ ወዲያ እዚህ የምትመጪው ለሰላምታ ብቻ ይሁን" አሉኝ።

በር ላይ እትዬ ብርነሽ ይጠብቁኝ ነበር። ስነግራቸው ቀስ ብለው አማተቡ። ከዚያ ሱቅ እንደሚልኩኝ ሁሉ፣ "እንግዲያው የትንሣኤን መዝሙር የምታወጪው አንቺ ነሽ" አሉኝ።

እኔ! ባለፈው ትንሣኤ ከተቀባዮቹ መካከል ቆሜ አንዲት መስመር እንኳ መጨረስ ያቃተኝ፣ ሳሌ የሁሉንም ዜማ የበጠበጠው፣ አፌን በነጠላ አፍኜ ወደ ደረጃው የሸሸሁት እኔ!

ለማታውቋቸው፣ እትዬ ብርነሽ ካራንቲና በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከመጋዘኖቹ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። በየቤቱ እየዞሩ ይተኩሳሉ፣ ያጸዳሉ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ግን ያቺ ክፍል የእኛ ናት። ጫማችንን በር ላይ አውልቀን፣ አልጋው ላይ፣ ወለሉ ላይ፣ አንዳንዴም አንዳችን በሌላችን ላይ ተቀምጠን እንጸልያለን፣ እንዘምራለን፣ ሳምንቱን እንዘረግፋለን። ይህንንም ጻፊ ያሉኝ እሳቸው ናቸው። "በአፍሽ የነገርሽን ለእኛ ነው። በር ለተቆለፈባቸው በወረቀት ይድረስ" አሉኝ። እናም እህቶቼ፣ ይኸው ደረሳችሁ። እኔ ጥሩወርቅ ነኝ፤ የደብረ ብርሃን ልጅ። በፓስፖርቴ ትልቅ ሴት ነኝ፤ በእናቴ ቆጠራ ግን ገና አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው።

የምሠራው ዛልቃ ሰፈር ነው፤ ከአውራ ጎዳናው በላይ፣ አምስተኛ ፎቅ። ቤቱ ውስጥ ማዳሜና ባሏ ሙስዬ አሉ፤ የማዳሜ እናት ተይታም አሉ። ተይታ ማለት እዚህ አያት ማለት ነው። ተይታ ዐይናቸው ደክሟል፤ አፍንጫቸው ግን የጉንዳን ነው። ምድጃ ላይ ምን እንደተጣደ ከመኝታ ቤታቸው ሆነው ይናገራሉ። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ ያስፈልገናል።

እዚህ አረብ አገር ያመጣችኝ ታላቅ እህቴ ከበቡሽ ናት። እኔ እታለም እላታለሁ። እሷ ከማዳሟ ወጥታ እንደ እትዬ ብርነሽ ክፍል ተከራይታ ነው የምትሠራው። ሥራ ልጀምር ስል እንደ ጥሎሽ የሰጠችኝ ሙያ ነበር።

"ስሚ ጥሩዬ፣ ማዳም ሁሉ የሚወደውን ላስተምርሽ። መታጠቢያ ቤት ስትገቢ በረኪናውንና አሲዱን ባንድ ላይ ትደፊዋለሽ። ከዚያ በሩን ጥርቅም!"

"ለምን?"

"ኃይሉ እንዳይወጣ ነዋ! ዐይንሽን ካላቃጠለሽ አልሠራም በይ።"

በረኪና የምንለውን እዚህ ጃቬል ይሉታል። አሲዱ ደግሞ የሽንት ቤቱን ቢጫ የሚያስለቅቀው ነው። እያንዳንዱ ለብቻው ሥራ አለው። ሁለቱን ማጋባት የእኛ የልጆቹ ፈጠራ ነው፤ ከእህት ወደ እህት፣ ከበረንዳ ወደ በረንዳ የሚተላለፍ። እኔም በደስታ ተቀበልኩ። ለምን አልቀበልም? እኛ ቤት ጉንፋን የያዘው ሰው የባሕር ዛፍ ቅጠል ተፈልቶለት፣ ጋቢ ተከናንቦ፣ እያነባ ይታጠናል። "አቃጠለኝ" ካለ "እሰይ፣ እየወጣልህ ነው" ይባላል። የሚያቃጥል ነገር ሁሉ የሚያድን እየመሰለኝ አደግኩ። ስለዚህ በዚያች በተዘጋች ክፍል ውስጥ ተንበርክኬ፣ እንባዬ እየወረደ፣ ንጣፉን ስፈትግ ሙያ እየሠራሁ ነበር። ንጣፉም እንደ ጥርስ ነጣ። ማዳሜ ጣቷን አሳርፋ አየችና "ብራቮ ቲሩ!" አለችኝ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሆነ።

ሳሉ መጀመሪያ የመጣው እንደ እንግዳ ነው፤ ኳኳ አድርጎ። ጉሮሮዬን ይከረክረኛል፣ ውኃ ስጠጣ ይተወኛል። ቀጥሎ ደረቴ መጥበብ ጀመረ። ጡት ማስያዣዬን የሚያጠብቅብኝ ሰው ያለ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ፉጨት መጣ። አየር ሳወጣ ደረቴ ውስጥ ያረጀ በር የሚከፈት ይመስላል። ፊት ለፊት ሕንፃ ላይ የምትሠራው ሰናይት፣ ከቤት መውጣት የማይፈቀድላት ጓደኛዬ፣ በረንዳዋ ላይ ልብስ እያሰጣች፣ "አንቺ፣ ዛሬም ከበሮው ተመታ?" እያለች ትስቅብኛለች። እኔም እስቃለሁ። ስስቅ ደግሞ ይብሳል።

ለማንም አልተናገርኩም። ምክንያቱ አንድ ካሴት ነው። እናቴ መጻፍ ስለማትችል ድምጿን በካሴት ትልክልኛለች። የመጀመሪያው ካሴት ላይ፣ የጎረቤቱን ሁሉ ሰላምታ ካወረደች በኋላ፣ "ልጄ፣ ቻይው። ምንም ቢመጣ ቻይው። የታገሠ ነው የሚወርሰው" አለች። ይህን ቃል ትራሴ ሥር አድርጌ ተኛሁ ማለት እችላለሁ። ሳሉ ሲመጣ እችላለሁ፤ ደረቴ ሲጠብ እችላለሁ። እኔ በድምፄ መልስ ልልክላት ስቀመጥ ግን ካሴቱ ሳሌን ቀዳው። ባጠፋው፣ ብደግመው፣ አሁንም ሳል። እሷ ደግሞ ሳሌን ከሰማች አታድርም። ስለዚህ ካሴቱን ትቼ ደብዳቤ ጀመርኩ። "ለጤናዬ ደህና ነኝ" ብቻ ከሆነ ገጹ አይሞላም። እናም ስለ ባሕሩ፣ ስለ ተይታ አፍንጫ፣ ቅርጫት በገመድ ከፎቅ አውርደው ከታች ሱቅ ዳቦ ስለሚያወጡ ሴቶች መጻፍ ጀመርኩ። ደብዳቤውን ለእናቴ የምታነብላት የጎረቤት ልጅ "ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ነው የሚሰማሽ" ብላ ጻፈችልኝ። አያችሁ? መጻፍን ያስተማረኝ ሳሌ ነው። እግዜር ሲሠራ በየት በየት እንደሚዞር!

ማዳሜ መስማቷ አልቀረም። መጀመሪያ ጥግ ካለው ፋርማሲ ሽሮፕ ገዛችልኝ። ጣፋጭ ነበር፤ ከጣፋጭነቱ ሌላ ያደረገው ነገር የለም። ቀጥሎ የሙስዬ ወዳጅ የሆነ ሐኪም እራት ሊበላ መጥቶ፣ ሳህን ሳነሣ ሲያየኝ፣ "አቧራ ነው። ምንጣፎቹን አስወግዱ" አለ። ምንጣፎቹ ተጠቀለሉ። ምንጣፍ ሲነሣ ደግሞ ወለሉ ስለሚታይ የሚታጠበው ነገር ጨመረ፤ በምን እንደምታጠበው ታውቃላችሁ። እታለም በበኩሏ፣ "ብርድ ነው፤ ደግሞ የሰው ዐይንም ይኖርበታል። ብራቮ ብራቮ ሲሉሽ አላማተብሽም ይሆናል" ብላ ከአገር በፕላስቲክ የመጣ ጠበል ሰጠችኝ።

ከዚያ ክፉው ቀን መጣ። የተይታን አልጋ ሳነጥፍ ሳሉ ያዘኝና መሐረቤ ላይ ትንሽ ደም አየሁ። ያየሁት እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ማዳሜም አየች። ከፋርማሲው ሰውዬ ጋር በስልክ ስታወራ ከወሬዋ መካከል አንዲት ቃል ለየሁ፤ ሳንባ ነቀርሳ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብርጭቆዬ ለብቻው፣ ሳህኔ ለብቻው፣ ፎጣዬ ለብቻው ሆነ። ፍራሼ ወደ በረንዳ ወጣ። መታጠቢያ ቤቱን ማዳሜ ራሷ ያዘችው። ስታዝ ድምጿ ክፉ አልነበረም፤ የፈራ ሰው ድምፅ ነበር። "ምርመራው ነቀርሳ ካለ አገርሽ ትሄጃለሽ ቲሩ፤ ሀራም፣ ታሳዝናለች፣ ተይታ አሮጊት ናት" አለችኝ።

ሲመሽ ያለውን ፍርሃት ብዙ አላወራችሁም። ያልተኛች ታውቀዋለች። ከታች መኪናው ይጮኻል፣ እኔ ትንፋሼን አዳምጣለሁ። እናቴ ዘንድ ሰው ሁሉ የሚሸሸው ሳል ይዤ ስመለስ ነበር የሚታየኝ። የሚገርመው ግን ይህ ነው፤ በረንዳ ላይ በማደር እየተሻለኝ ሄደ! ፉጨቱ ቀነሰ። እኔም "ጠበሉ ሠራ" አልኩ።

ማዳሜ መነኮሳት ወደሚያስተዳድሩት የበጎ አድራጎት ክሊኒክ ወሰደችኝ። ያ መጠበቂያ ክፍል! የእንጨት አግዳሚ ላይ ሁላችንም ተደርድረን እንስላለን፤ አንዱ ሲያቆም ሌላው ይቀበላል፣ ልክ እንደ ቅኔ ማኅሌት። ማዳሜ ርቃ በር አጠገብ ቆመች። ጎኔ የተቀመጡ አንዲት የማላውቃቸው አሮጊት መንደሪን ልጠው ግማሹን በእጃቸው እጄ ላይ አኖሩልኝ። ብርጭቆዬን ማንም በማይነካበት ሰሞን፣ የሰው እጅ እጄን ነካው። ወገቤ እስኪቆረጥ አመሰገንኳቸው። "ማአለሽ፣ ግድ የለም፣ ብዪ" አሉኝ። ከሰው ያገኘሁት የመጀመሪያው መድኃኒት ያ መንደሪን ነው።

ራጅ ተነሣሁ፤ አክታዬን በዕቃ ሰጠሁ። የራጁን ወጪ እታለምና እሑድ የምንገናኘው እህቶች ተረባርበው ነው የሸፈኑት። ውጤቱ ሲመጣ ሽማግሌው ሐኪም፣ "ነቀርሳ የለም። ደሙም ከጉሮሮሽ መቧጠጥ ነው" አሉ። ማዳሜ አቀፈችኝ፤ እኔ ግን ግራ ገባኝ። ሐኪሙም ግራ ገብቷቸው ነበርና፣ "መቼ ይብስብሻል? ቀን ምን ስትሠሪ ትውያለሽ?" ብለው ጠየቁኝ።

ማዳሜ አጠገቤ ቆማለች። እናቴ ልቤ ውስጥ "ቻይው" ትላለች። "ደህና ነኝ፤ ምንም የለም" አልኩ።

ነቀርሳ የለም ተባለና ፍራሼ ወደ ቤት ገባ፤ መታጠቢያ ቤቱም ወደ እኔ ተመለሰ። ካሳ ልክፈል ብዬ በእጥፍ ቀላቀልኩት። በሩን ዘጋሁ። ከዚያ ትዝ የሚለኝ ንጣፉ ጉንጬ ላይ መቀዝቀዙ ነው። አየር እስባለሁ፣ አይገባም። በእጄ እየዳህኩ በሩን ከፈትኩ። ተይታ ከክፍላቸው፣ "ይህ ሽታ! ይህ ሽታ ይገድለናል እያልኩ!" እያሉ ይጮኻሉ። እሳቸው እንደሆነ ሁልጊዜ ስለ ሽታ ነው የሚያወሩት፤ ማንም አልሰማቸውም። እኔ ራሴ ተነሥቼ ያልኩት ምን መሰላችሁ? "ሰሞኑን ጸሎቴን ስላጓደልኩ ነው።"

በዚያው እሑድ እትዬ ብርነሽ ቤት ጥጌን ይዤ ተቀመጥኩ። መዝሙር ሲጀመር አፌን ብቻ አንቀሳቀስኩ። እሳቸው አይተውኛል።

"ጥሩወርቅ፣ ሐኪሙ ምን አሉሽ?"

"ምንም አላገኙም።"

"አንቺስ ምን አልሻቸው?"

"ምንም።"

"እንግዲህ ምንም ከምንም ጋር ተገናኝታችሁ ተለያያችኋላ!"

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። እኔ ግን እንባዬ መጣ። "እማዬ ቻይው ብላኛለች። እየታገሥኩ ነው" አልኩ።

ሳቁ ቆመ። እትዬ ብርነሽ አጠገቤ መጥተው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። "እናትሽ ልክ ናት። ትዕግሥት የማይቀየረውን መሸከም ነው። ጌታችን እንኳ በመስቀል ላይ ሆኖ መጠማቱን አልደበቀም፤ አፍ አውጥቶ ተናገረ። አንቺ ከእሱ በልጠሽ ነው ዝም የምትይው?"

ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብኩ።

"የሚቀየረውን ደብቆ መሸከም ትዕግሥት አይደለም፣ ልጄ። ፍርሃት ነው። ነጠላ አጣፍቶ ቤተ ክርስቲያን የመጣ ፍርሃት!"

ይህን ቃል እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ እንደገና አንብቡልኝ። እኔን ያዳነኝ ቃል ነው። ብዙዎቻችን ፍርሃታችንን ነጠላ አልብሰን "ትዕግሥት" እያልን እንጠራዋለን። ወገባችን ሲቆረጥ፣ ሌሊት ስንጮህ፣ "ለእግዚአብሔር ብዬ ነው" እንላለን። እግዚአብሔር መቼ ጠየቀን?

እታለም ግን ተቆጣች። "ሄዳ ልትዘረግፍ ነው? ማዳሟ ሰምታ ብታባርራትስ? እዚህ አገር የታመመ ሠራተኛ ማን ይፈልጋል!"

"ካልተናገረች እኮ ትሞታለች፣ ከበቡሽ" አሏት እትዬ ብርነሽ። እታለም ነጠላዋን አንሥታ ወጣች። የእናቴን ሁለት ልጆች ሳሉ ለየን። ሳምንቱን ሙሉ አልደወለችልኝም።

እትዬ ብርነሽ ማዳሜን ለምነው፣ እንደ አስተርጓሚ ሆነው፣ እሳቸው ራሳቸው ወሰዱኝ። አሁን ሐኪሙ ሲጠይቁኝ ሁሉንም አወጣሁት። ከጧት ጀምሬ የምሠራውን በሙሉ ነገርኳቸው። መታጠቢያ ቤቱ ላይ ስደርስ ብዕራቸው ቆመ።

"ምንን ከምን ጋር?"

ነገርኳቸው።

"በሩስ?"

"ዝግ ነው። ኃይሉ እንዳይወጣ።"

ሽማግሌው ግንባራቸውን ያዙ። ከዚያ በቀስታ አስረዱኝ። ሁለቱ ሲገናኙ መርዝ የሆነ ጋዝ ይወጣል፤ ዐይንን የሚያስለቅሰው እሱ ነው። በየቀኑ ስስበው የሳንባዬ ቧንቧዎች ውስጣቸው ተቃጥሎ፣ አብጦ፣ ጠቧል። እንደ አስም ያለ ሕመም ነው። ለዚህ ነው በረንዳ ላይ ሳድር የተሻለኝ። "ገና ልጅ ነሽ" አሉ። "ካቆምሽ ሊድን ይችላል። ካላቆምሽ ግን ትንፋሽሽ አይመለስም።" ወደ አፍ የሚነፋ መድኃኒትና የትንፋሽ ልምምድ አዘዙልኝ።

ስንወጣ እትዬ ብርነሽ፣ "አፈር የነበረውን አዳምን እግዜር ያቆመው እፍ ብሎበት ነው። አንቺ የእሱን እፍታ በበረኪና ታፍኚዋለሽ!" አሉኝ። መሣቅም ማልቀስም አማረኝ።

አሁን ከባዱ ቀረ፤ ማዳሜ። ወጥ ቤት ውስጥ ኩሳ እየፈለፈለች ነበር፤ ኩሳ እዚህ በሩዝ የሚሞሉት ትንሽ ዝኩኒ ነው። አጠገቧ ቆሜ ጀመርኩ። ሐኪሙ ያሉትን ነገርኳት። ቢላዋዋን አስቀመጠች።

"ሹ? ምን አልሽ? ያኒ፣ እኔ ነኝ ያሳመምኩሽ?"

"ላ፣ ማዳም። ማንም አይደለም። ቅልቅሉ ነው። ከእንግዲህ አልቀላቅልም፤ ሳጸዳም በሩ ክፍት ይሁንልኝ። ንጣፉ እንደ ድሮው ላይነጣ ይችላል።"

እንዲህ ቀጥ ብዬ ስናገር በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነበር። ማዳሜ ቢላዋዋን መልሳ አነሣች። "በቃ፣ ሻንጣዬን ላዘጋጅ" እያልኩ ሳለሁ ተይታ ከወንበራቸው ሆነው በትራቸውን ወለሉ ላይ መቱ።

"ስንት ጊዜ ነገርኩሽ! ሽታው ጉሮሮዬን በላው ስልሽ አረጀች አልሽኝ! ልጅቷ እኮ ከእኔ አፍንጫ ጋር አንድ ነገር ነው የተናገረችው!"

ማዳሜ ተነሥታ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ሄደች። ተከተልኳት። ግድግዳው ላይ አንዲት ትንሽ መስኮት አለች፤ በጦርነቱ ጊዜ መስተዋቷ ረግፎ በወፍራም ላስቲክ የታሸገች፤ ከዚያ ወዲህ ማንም ያልነካት። ማዳሜ ገንዳው ጠርዝ ላይ ወጣች። በጥፍሯ ጀመረች፣ እምቢ ሲላት በቢላዋ። ላስቲኩ ተቀደደ። የባሕሩ ነፋስ፣ የአውራ ጎዳናው ጩኸት፣ የጎረቤት ነጭ ሽንኩርት፣ ሁሉም ባንድ ላይ ገቡ። እዚያው ላይ ቆማ፣ ወደ እኔ ሳትዞር፣ "ፓርዶን፣ ቲሩ" አለች። ብርጭቆዬም በዚያው ማታ ከእነርሱ ብርጭቆ ጋር ተደረደረ።

እታለም፣ እትዬ ብርነሽ ነግረዋት፣ እሑድ መጣች። "እኔ ነኝ ያስተማርኩሽ" ብላ እግሬ ላይ ልትወድቅ ስትል አፈፍ አድርጌ ያዝኳት። "ተይ እታለም፤ አንቺንም ሌላ ሰው ነው ያስተማረሽ። ይልቅ ዛሬ ስትሄጂ በየበረንዳው ንገሪልኝ" አልኳት። ንግግሯ እንደ ሬዲዮ ነው፤ ሳምንት ሳይሞላ ሰናይት ከፊት ለፊት፣ "አንቺ፣ ሁለቱን አትቀላቅሉ ይላሉ፣ ሰምተሻል?" ብላ ለእኔው ነገረችኝ!

መዳኑ እንደ መታመሙ ቀስ እያለ ነው። ሐኪሙ የሰጡኝ ልምምድ አየር በአፍንጫ ስቦ ከንፈርን አሹሎ በረዥሙ ማውጣት ነው። አሰልቺ ነበር፣ እስክረሳው ድረስ። አንድ ቀን ግን ስስብ "እግዚኦ" አልኩ፣ ሳወጣ "መሐረነ ክርስቶስ"። ልክ ገጠመ! ከዚያ ወዲያ ልምምዱ ጸሎት ሆነ፣ ጸሎቱም ልምምድ። ሳህን ሳጥብ እግዚኦ፤ ተይታን ሳለብስ መሐረነ። መብራት ጠፍቶ አሳንሰሩ ሲቆም ደግሞ ደረጃውን በዚያው ዜማ መውጣት ጀመርኩ። መጀመሪያ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ተቀመጥኩ፤ ኋላ ሦስተኛ። ድሮ ጸሎት ማለት ሥራ ተትቶ፣ ጥግ ተይዞ፣ እሑድን ተጠብቆ ይመስለኝ ነበር። ለካ ትንፋሼ ውስጥ ቦታ ነበረው።

ሁዳዴ ሲገባ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልጹም ብዬ መድኃኒቱን ማዘግየት ጀመርኩ። ደረቴ ወዲያው ነገረኝ። እትዬ ብርነሽ ሲሰሙ፣ "የአንቺ ጾም መድኃኒቱን በሰዓቱ መውሰድ ነው። መጾም ካማረሽ 'ደህና ነኝ፣ ምንም የለም' ከማለት ጹሚ" አሉኝ። እሱን ጾም ይዣለሁ። ከእህል ጾም ይከብዳል፤ ሞክሩት።

ትናንት ማታ ከሐኪሙ ተመልሼ መቅረጫውን ከተይታ ተዋስኩ። እነሆ የመጀመሪያው ካሴቴ። "እማዬ፣ እኔ ነኝ" ብዬ ጀመርኩና የትንሣኤን መዝሙር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዘመርኩላት። መልሼ አዳመጥኩት። ከመኪናው ጩኸትና ከተይታ "ብራቮ" በቀር ሳል የለበትም። አንድም የለበትም! እናቴ ይህን ስትሰማ ምን እንደምትል እገምታለሁ፤ "ቻለችው!" ትላለች። አዎ እማዬ፤ መናገርንም ቻልኩት።

እንግዲህ እህቶቼ፣ ትንሣኤ እየመጣ ነው። መውጣት የምትችሉ፣ በዕለቱ ከሰዓት በኋላ ካራንቲና፣ እትዬ ብርነሽ ዘንድ ኑ። የተደበቀ ሕመም ያለባት ይዛው ትምጣ፤ ሐኪም ቤት አብሬያት እሄዳለሁ፣ አረብኛዬም እየተሻለው ነው። መውጣት የማትችሉ ደግሞ፣ እንደ ሰናይት በር የተቆለፈባችሁ፣ ቀርታችሁ የቀራችሁ አይምሰላችሁ። ያን ዕለት ወደ ማታ ዛልቃ እመለሳለሁ። ፀሐይ ወደ ባሕሩ ስታዘነብል በረንዳ ላይ ውጡ። ልብስ የምታሰጡ ምሰሉ፣ ምንጣፍ የምታራግፉ ምሰሉ። አየሩን ሳቡት፤ በነፃ ነው። እኔ ከአምስተኛ ፎቅ መዝሙሩን አወጣለሁ።

ያላ፣ ተቀበሉኝ።